ላስ ቬጋስ፦ ከባቡር ጣቢያ ወደ ካዚኖ ከተማ (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ ስለ ቬጋስ ታሪክ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከወዲሁ ላሳስብ፦ ከተማው ሌላ፣ ስትሪፑ (ትላልቆቹ የካዚኖ ሆቴሎች የተደረደሩበት ጎዳና) ሌላ ነው።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ በረሃው እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን እዚያ ተቆረቆረች?

መላሽ፦ በውሃ ምክንያት! ከሎስ አንጀለስ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚዘረጋው ሐዲድ የእንፋሎት ባቡር ነበር የሚሄድበት፤ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ውሃ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ቬጋስ ምንጭ ነበራት። የሞንታናው ሴናተርና የመዳብ ከበርቴ ዊሊያም ክላርክ በ1902 የሄለን ስቱዋርትን እርሻ ከነውሃው ገዛ። ሜይ 15 ቀን 1905 መሬቱ ጣቢያው አጠገብ ለጨረታ ቀረበ፤ ከሎስ አንጀለስ በባቡር የመጡት ነጋዴዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ዋጋ ሲሰቅሉ ዋሉ፣ ሽያጩ ሁለት ቀን ፈጀ። ያ የጣቢያ ቦታ ዛሬ ፕላዛ ሆቴል ነው። ፍሪሞንት ጎዳና ላይ ሆናችሁ ጫፉን ብታዩ ፊት ለፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ከጀርባው የጭነት ባቡር አሁንም ያልፋል።

የድሬው ልጅ፦ ይህማ የእኛ ታሪክ ነው! ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው ድሬዳዋ በ1902 ተቆረቆረች።

ሜሮን፦ ድሬን ግን ካዚኖ አላሳደጋትም።

የድሬው ልጅ፦ መቼ ወጣኝ? ባቡር ወለዳት ነው ያልኩት። ለገሃሩና የባቡር ጥገናው ባይኖሩ ድሬ የት ትኖር ነበር?

መላሽ፦ ጥገናውን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ቬጋስም ከዚያ እንጀራ ነበር የምትበላው። ከ1922ቱ የባቡር ሠራተኞች አድማ በኋላ ግን የባቡር ኩባንያው ዩኒየን ፓሲፊክ ጥገናውን ነቅሎ ካሊየንቴ ወደምትባል ሌላ ከተማ ወሰደው። መቶዎች ሥራ አጡ። ከተማይቱ ሌላ መተዳደሪያ ፍለጋ የገባችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ቀሪው ታሪክ አይገባውም።

አዲስ አባል፦ ቬጋስን የሠራው ማፊያ ነው፣ አይደል?

መላሽ፦ አይደለም። የማፊያው ሰው ባግዚ ሲገል ፍላሚንጎ የተባለውን የካዚኖ ሆቴል የከፈተው በዲሴምበር 1946 ነው። ቁማር ከተፈቀደ 15 ዓመት አልፎ ነበር። ፍላሚንጎን ራሱ የጀመረው ቢሊ ዊልከርሰን ነው።

ሰላም፦ ታዲያ ማን ሠራት?

መላሽ፦ 1931ን ያዙልኝ። በማርች ቬጋስ ያለችበት ክልል፣ ኔቫዳ፣ ቁማር ፈቀደች። በዚያው ዓመት ለፍቺ የሚጠየቀው የነዋሪነት ጊዜ ወደ 6 ሳምንት ወረደ፤ የሁቨር ግድብ ሥራም ተጀመረ። መንግሥት ለግድቡ ሠራተኞች ቦልደር ሲቲን ሲሠራ ቁማርም መጠጥም ከለከለባት። ደመወዙን የተቀበለ ሠራተኛ ታዲያ ወዴት ይሂድ? ፍሪሞንት ነዋ! ግድቡ በ1935 ሲመረቅ ደግሞ ጎብኚ ተተካ። ስለዚህ የባቡሩን ክፍተት የሞሉት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብና የክልሉ ሕግ ናቸው።

አዲስ አባል፦ ማፊያው ግን ገንዘብ አላፈሰሰም?

መላሽ፦ አፍስሷል፣ ማንም አልካደም። የጠየቅከኝ ግን ማን ሠራት ብለህ ነው፣ መልሼልሃለሁ።

ዳዊት፦ የከተማው ከንቲባ ስትሪፑን ለምን አያስተዳድርም?

መላሽ፦ መግቢያዬን አንብብ እንጂ ወንድሜ! የስትሪፑ የመጀመሪያ ሆቴል ኤል ራንቾ ቬጋስ በ1941 የተሠራው ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ሀይዌይ 91 ላይ ነው። ከተማው የስትሪፑን ሆቴሎች ሊጠቀልላቸው ሲል በ1950 ፓራዳይስ የሚባል የራሳቸው አስተዳደር ተቋቋመ። ዛሬም በከተማው ሳይሆን በካውንቲው (በአውራጃው አስተዳደር) ሥር ናቸው።

ሰላም፦ የቱ ካዚኖ ያዋጣል?

መላሽ፦ የቁማር ምክር አልሰጥም።

ሜሮን፦ እነዚያ ምንጮች አሁን አሉ?

መላሽ፦ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር። ያለ ልክ ተቀድተው በ1962 መፍለቃቸውን አቆሙ። አሁን አብዛኛው ውሃ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ የሁቨር ግድብ ካጠራቀመው ከሚድ ሐይቅ ነው። የወንዙ ውሃ ለሰባት ክልሎች ሲከፋፈል ለኔቫዳ ከሁሉም ያነሰው ድርሻ ነው የደረሳት፤ ያኔ በደቡብ ኔቫዳ ይህ ነው የሚባል ሕዝብ አልነበረም። የዛሬዋ ቬጋስ በዚያው ድርሻ ነው የምትኖረው፤ ቤት ውስጥ ተጠቅማ የምታፈሰውን ውሃ አጣርታ ወደ ሐይቁ የምትመልሰውም ለዚህ ነው፤ የመለሰችውን ያህል ደግማ መቅዳት ትችላለች።