ስድስት ላይብረሪ በአንድ ውል፦ ከቱሉ ዲምቱ የተነሱ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ ተሰብስበን ነበር። የስድስት ኮሌጅ ላይብረሪ ሠራተኞች፣ ጥቂት ተማሪዎችና የጤና ጣቢያ ሰዎች ነበርን። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከአቃቂና ከዱከም የመጡ ነበሩበት። የተነጋገርነው የምርምር ዳታቤዝ፣ ማለትም የጆርናል ጽሑፎች በኢንተርኔት የሚነበቡበትን ክምችት፣ በጋራ ከፍለን ስለማስገባት ነው። መሸብን እንጂ ጥያቄው አላለቀም። በወረቀት ጽፋችሁ የተዋችሁልኝን ይዤ ቤቴ ገባሁ። 19 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ የማውቀውን እነሆ።

ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዕቁብ ነው ማለት ነው? (የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ገላን)

ለዕድር ነው የሚቀርበው። ዕቁብ ተራ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። እዚህ ሁሉም ያዋጣል፣ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል። ዳታቤዙን የያዘው ድርጅት ለአንድ ተጨማሪ ኮሌጅ ቢከፍት የሚጨምርበት ወጪ እምብዛም ነው። ቅናሽ መጠየቅ የምንችለውም ለዚህ ነው። ለየብቻ ስንሄድ ግን ለእኔ የተነገረኝን ዋጋ አንተ አታውቅም፣ የአንተን እኔ አላውቅም። ሻጩ ብቻ የሁላችንንም ያውቃል።

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ማስተርስም እየተማርኩ ነው። ጽሑፉን ልከፍት ስል ክፈይ ይለኛል። ምን ላድርግ? (ነርስ፣ ኮዬ ፈጬ)

እህቴ፣ ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። ሂናሪ የሚባል፣ የጤና ምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ ለተቋማት የሚከፍት ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። ከዚያ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ኦኤሪ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ደግሞ ጎአሊ ተጨመሩ። አምስቱም ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ ያለችው በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ውስጥ ነው።

ልብ በዪ፣ የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ጤና ጣቢያም መመዝገብ ይችላል። ኃላፊሽን ይዘሽ ነይ፣ ቅጹን አብረን እንሞላዋለን። ይህን በር ሳያንኳኳ ዶላር ፍለጋ የሚሄድ ተቋም ሳይ ያንገበግበኛል። መጀመሪያ ነጻውን እንጨርስ። ከዚያ ለጎደለው ብቻ በጋራ እንክፈል።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል? የእኛ ኮሌጅ 300 ተማሪ ነው ያለው፤ 4,000 ተማሪ ካለው ጋር እኩል ልንከፍል ነው? (የፋይናንስ ባለሙያ፣ ዱከም)

ብዙ ኅብረት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እኩል ይከፈል ከተባለ ትንሹ ይሸሻል። በተማሪ ቁጥር ብቻ ከተባለ ትልቁ ያኮርፋል። በአጠቃቀም ብቻ ይሁን ከተባለ ደግሞ ኮሌጁ ሂሳቡ እንዳይበዛበት ሲል ተማሪውን አታንብብ ወደ ማለት ይሄዳል። ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው።

እኔ የምመርጠው ቅልቅሉን ነው። ለምሳሌ ዋጋው በዓመት 12,000 ዶላር ነው እንበል። ተማሪዎቻችን ተደምረው 10,000 ናቸው እንበል። ግማሹን ስድስታችን እኩል እንካፈል፤ ለእያንዳንዳችን 1,000 ዶላር ይደርሳል። ቀሪው 6,000 በተማሪ ቁጥር ይከፋፈል። የእናንተ 1,180 ይሆናል፣ የትልቁ 3,400። ትልቁ ብቻውን ቢገዛ ኖሮ ስንት ይጠየቅ እንደነበር አስቀድመን በጽሑፍ ማወቅ አለብን። ያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ካለ ኩርፊያ አይኖርም።

ዶላሩስ? በጀቱስ? (ስም ያልጻፈ)

ሐምሌ 2016 ላይ የሆነውን አትርሱ። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ 1,180 ዶላር በፊት 67,000 ብር ገደማ ነበር። በ100 ብር ሂሳብ እንኳ 118,000 ነው። ሻጩ ሳንቲም አልጨመረም፤ እኛ ላይ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ በጀት ስትጠይቁ መጠባበቂያ ያዙበት።

ሌላው ጣጣ የዘመን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሻጮች ውል ግን ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ እድሳቱ በእኛ ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል። ያኔ ገና ዶላር ለማግኘት የባንክ ወረፋ ላይ ነን። ውሉ ከሐምሌ እንዲጀምር እንጠይቅ። ደረሰኙም ለየኮሌጁ ለየብቻ ይቆረጥ፤ አንዱ ቢዘገይ የሌላው እንዳይዘጋ።

አንዱ አባል ቢያጠፋ ሁላችንም እንቀጣለን? (የአይቲ ባለሙያ፣ አቃቂ)

እንዲህ ያለው ደርሶብኛል። ድሮ በሠራሁበት አንድ ኮሌጅ አንድ ተማሪ ሌሊት ሙሉ ጆርናል በጆርናል የሚያወርድ ፕሮግራም ለቀቀ። ኮሌጁ በሙሉ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው በአንድ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ነበር፤ ሻጩ ማን እንዳጠፋ መለየት አይችልም። ጠዋት ስንገባ ዳታቤዙ ለሁላችንም ተዘግቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ልጁን አስጠራሁት። ፍላሹን በእጁ ጨምቆ ይዞ እንባው መጣ። «ቤት ኢንተርኔት የለኝም፤ ሲመሽ ላይብረሪው ይዘጋል፤ ሁሉንም ልያዘው ብዬ ነው» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። ጥፋቱ የኛ ነበር፤ ከቤቱ ሆኖ የሚገባበትን መንገድ አላዘጋጀንለትም።

አንተ ባለሙያ ስለሆንክ ሁለት ነገር አደራ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱም ሆኖ በራሱ ስም የሚገባበት ፕሮክሲ (በኮሌጁ በኩል የሚያሳልፍ መግቢያ) ይኑረን። ውሉ ላይ ደግሞ ጥፋት ሲገኝ ያጠፋው ተጠቃሚ ብቻ እንዲታገድ፣ ከዚያ በፊትም ማስጠንቀቂያ እንዲላክልን ይጻፍ።

መክፈል ብናቆም የከፈልንበት ይቀርብናል? (መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ)

አዎ፣ ውሉ ላይ ካልጻፍን ይቀርብናል። ዳታቤዝ ቤት እንደመከራየት ነው። የከፈልንባቸው ዓመታት ጽሑፎች ከውሉ በኋላም እንዲነበቡ የሚል አንቀጽ እንጠይቅ። ላይብረሪ ገብቶ የሚጠቀም የአካባቢው ሰውም ይፈቀድለት። ዋጋውን ለማንም አትንገሩ የሚል አንቀጽ ካለ ግን እኔ አልፈርምም።

ክፍት ጆርናል ሞልቶ የለም እንዴ? (ተማሪ፣ ኮዬ ፈጬ)

አለ፣ ማንም ሳይከፍል የሚያነበው ስለሆነ ደስም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለዩኒቨርሲቲዎች የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። ኤጆል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የአፍሪካ ጆርናሎችን ታገኛለህ፤ በክፍት የሚነበቡት ብዙ ናቸው። የጎደለህ አንድ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፍለት፤ ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ።

ከዜሮ ነው የምንጀምረው? (የላይብረሪ ኃላፊ፣ አቃቂ)

አይደለም። የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ላይብረሪዎች ኅብረት አለ። ኢፍል ከሚባለውና ለላይብረሪዎች ከአሳታሚዎች ጋር ከሚደራደረው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ይሠራል። ለብቻችን ከመደራደራችን በፊት እነሱን እንጠይቅ።

ሰኞ ቢሯችን ስንገባ ምን እንሥራ? (ሦስት ሰው ነው የጠየቀው)

አንድ ደብተር ግዙ። መጻሕፍት የምታውሱበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ተማሪ ፈልጎ ያጣውን ጽሑፍ ሁሉ ጻፉበት፦ ቀኑን፣ ርዕሱን፣ ጆርናሉን፣ ትምህርት ክፍሉን። የኔ ደብተር ላይ ባለፈው ወር 41 መስመር አለ፤ 26ቱ በሂናሪና በአጎራ ተገኝተዋል። የቀሩት 15ቱ ናቸው የምንደራደርባቸው። የሦስት ወር ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስድስቱን ጎን ለጎን ዘርግተን የትኛው ዳታቤዝ እንደሚያስፈልገን እናያለን።