ጥያቄና መልስ፦ ተቀናብሮ የሚነሳ ትካዜ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ትዝታና ትካዜ ፎቶዎች ናቸው፤ በድንገት ሳይሆን ታስቦባቸው ስለሚነሱት። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥ፦ የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የግሪጎሪ ክሩድሰን ፎቶዎች የእውነት ናቸው ወይስ ከፊልም የተቆረጡ?

መ፦ ሁለቱም አይደሉም። «ቢኒዝ ዘ ሮዝስ» የተባለውን ሥራውን ከ2003 እስከ 2008 ያነሳው በአብዛኛው በምዕራብ ማሳቹሴትስ ትንንሽ ከተሞች ነው። መንገድ ይዘጋል፣ መብራት በክሬን ይሰቀላል፣ እንደ ፊልም ቀረጻ ብዙ ሠራተኛ ይሰማራል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ፎቶ! ደጅ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ሲመሻሽ ነው። ውጪው ሰማያዊ ሲሆን በመስኮት ቢጫ መብራት ይታያል። ቤቱ ሞቋል፤ ደጅ የቆመው ሰው ግን የበረደው ይመስላል። የሚያለቅስ የለም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አይተያዩም፤ በቃ። ለእኔ ችሎታው እዚያ ላይ ነው። ክሬኑማ ገንዘብ ነው።

ጥ፦ እኔ ክሬንም ሞዴልም የለኝም።

መ፦ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ሲንዲ ሸርማን ከ1977 እስከ 1980 ራሷን ሞዴል አድርጋ፣ ዊግና ልብስ እየቀያየረች፣ የድሮ ፊልም ትዕይንት የሚመስሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ሠርታለች። ፊልሞቹ የሉም። እኛ ግን «ይቺን ሴት የሆነ ቦታ አይቻታለሁ» እንላለን።

ጥ፦ ከእኛ ሰውስ? (ጥያቄው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ የመጣ)

መ፦ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ነቻ! በ2018 ስለ ውሃ የሠራችውን ተመልከቱ፤ ከፊሉ የተነሳው አፋር ውስጥ፣ ዳሎል ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ የሴቶቹ ፊት ግን ፈገግ አይልም። ትካዜ የግድ መደብዘዝ የለበትም።

ጥ፦ የእናቴን የድሮ ፎቶ እኔ ሆኜ ልደግመው ነው። ቡናማ ፊልተር ልጠቀም?

መ፦ ተይው እባክሽ። ፊልተር አሮጌ ያስመስላል እንጂ አያስናፍቅም። የድሮው ፎቶ ቤት ራሱ ቅንብር ነበር እኮ፦ የተሳለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ መስመር የሌለው ስልክ ጆሮ ላይ። እናትሽ ያን ቀን ማንን መምሰል ፈልጋ እንደነበር ጠይቂያት። ልብሱን፣ አቀማመጡን፣ የእጇን አያያዝ ከመልሷ ተነሺና ምረጪ። ሳቋን እንዳፈነች ከነገረችሽ፣ አንቺም አፍኚው።

ጥ፦ በስልክ ይሆናል?

መ፦ ይሆናል። ስታንድ ላይ አድርጉት፣ ፍላሹን አጥፉ፣ የፎቶውን ብርሃን ስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ትንሽ ቀንሱ። ከጎን መስኮት ካለ ሌላ መብራት አትግዙ።