ታብ ስጫን ኩርሰሩ ለምን ይዘላል? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። በቲኪንተር (በፓይተን የመስኮት መሥሪያ) በሠራኸው የደረሰኝ መስኮት ላይ ታብ ስትጫን፣ ኩርሰሩ ከ«ስም» ወደ «ስልክ» መሄድ ሲገባው «ሰርዝ» በተን ላይ ያርፋል ብለሃል። በተኑ ምንም አላጠፋም። ቲኪንተር ሳጥኖቹ ስክሪኑ ላይ የት እንዳሉ ግድ አይሰጠውም። የሚከተለው ኮዱ ውስጥ የተፈጠሩበትን ቅደም ተከተል ነው። በግሪድ (በረድፍና በዓምድ በሚደረድረው) ከላይ ብታስቀምጠውም፣ ዘግይተህ ከፈጠርከው ተራው ኋላ ነው።

ስለዚህ የሚፈጥሯቸውን መስመሮች በአሞላላቸው ቅደም ተከተል ደርድር። ኮዱን ማመስ ከሰለቸህ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ በምትፈልገው ተራ «ሊፍት»ን (lift፣ ሳጥኑን ወደ ተራው መጨረሻ የሚወስደውን ትእዛዝ) ጥራ። ፍሬም (ሳጥኖችን የሚሰበስብ መያዣ) ካለህ ግን ልብ በል፤ ውስጡ ያሉት ሳያልቁ ታብ ወደ ውጭ አይወጣም። «ሰርዝ»ን በታብ እንዳይነካ ከፈለግክ ቴክፎከሱን (takefocus፣ በታብ መድረስ መቻሉን የሚወስነውን ቅንብር) 0 አድርገው። በማውስ እንደልቡ ይሠራል።

እኔም እዚህ ሐዋሳ ለአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ተመሳሳይ ነገር ሠርቼ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ታብን ዞር ብላም አላየችው። ኢንተር፣ ኢንተር፣ ኢንተር ብቻ! ጠባይዋን ከምቀይር ኮዱን ቀየርኩ። ኢንተርን ባይንድ አድርጌ (ሲጫን የሚሠራ ትእዛዝ አያይዤበት)፣ ቀጣዩን ሳጥን በ«ቲኬ ፎከስ ኔክስት» (tk_focusNext) አግኝቼ «ፎከስ ሴት» (focus_set፣ ኩርሰሩን እዚያ አድርግ) አልኩት። ተገላገልን። በተን ግን በተፈጥሮው የሚሰማው ስፔስን እንጂ ኢንተርን አይደለም፤ ስለዚህ ለ«አትም» ለብቻው ባይንድ አድርግለት።

ብዙ መስመር የሚጻፍበት የቴክስት ሳጥን ካለህ ደግሞ፣ እዚያ ታብ ክፍተት ይጨምራል እንጂ አያሻግርም። መውጫው ኮንትሮል ከታብ ጋር ነው።