ሰርቨሩ «ሪድ ኦንሊ» ሆነብኝ፣ ምን ልሁን?

ሰሞኑን መብራቱ እየሄደ እየመጣ ነው መሰለኝ የጥያቄ ሳጥኔ በፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ስርዓት) ብቻ ሞልቷል፣ እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

«የቢሯችን ኡቡንቱ ሰርቨር መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ፋይል ይከፍታል ግን ሴቭ አላደርግም ይላል። ኤፍኤስሲኬን፣ የፋይል ሲስተም መጠገኛውን፣ ልልቀቅበት?»

ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ሰርቨሩ እምቢ ያለው ራሱን ለመጠበቅ ነው፣ ኤክስት4 (ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ፋይል ሲስተም) ስህተት ሲያገኝ የባሰ እንዳይበላሽ ኡቡንቱ ሩት ፓርቲሽኑን፣ ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል፣ ሪድ ኦንሊ (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት) ያደርገዋል። መጀመሪያ ዲሜሴጅ በልና ሲስተሙ የመዘገበውን ሎግ አንብብ፣ «አይኦ ኤረር» (የማንበብና የመጻፍ ስህተት) የሚል ከተደረደረ ችግሩ ከፋይል ሲስተሙ በታች ነው፣ ዲስኩ ወይ ኬብሉ። ከዛ የዲስኩን ጤና በሚያሳየው ኮማንድ ስማርትሲቲኤል ዳሽ ኤ ብለህ ቁጥር 5ን (ሪአሎኬትድ ሴክተር፣ ተበላሽቶ በሌላ የተተካ ቦታ) እና ቁጥር 197ን (ፔንዲንግ ሴክተር፣ ማንበብ አቅቶት የተጠረጠረ ቦታ) እይ። 197 ላይ ከዜሮ በላይ ካለ ኤፍኤስሲኬን እርሳው፣ አሁኑኑ በዲዲሬስኪው፣ ከተጎዳ ዲስክ ላይ በሚገለብጠው ፕሮግራም፣ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ፣ ሊሞት ያለ ዲስክ ላይ ጥገና መጀመር ያለችውን ነፍስ መጨረስ ነው።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነስ? ኡቡንቱ ካለበት ፍላሽ (ላይቭ ዩኤስቢ) ሰርቨሩን አስነሳና ፓርቲሽኑ ማውንት አለመሆኑን፣ ማለትም ተከፍቶ በስራ ላይ አለመሆኑን፣ አረጋግጠህ ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ በዳሽ ኤን ሞክረው፣ ምንም ሳይነካ ምን እንደተበላሸ ያሳይሃል፣ ከዛ ነው ጥገናው። ማውንት የሆነ ላይ ግን በፍጹም! እኔ ከዓመታት በፊት እንቅልፍ እያዳፋኝ ማውንት የሆነ ፓርቲሽን ላይ ዳሽ ዋይ ብዬ፣ ማለትም ለሚጠይቀኝ ሁሉ አዎ አዎ ብዬ፣ የአንድ ድርጅት የሂሳብ ፎልደር ፋይሎች ተበታትነው ሎስት ኤንድ ፋውንድ (ኤፍኤስሲኬ ባለቤት ያጣ ፋይል የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ ገብተው አገኘኋቸው፣ ስማቸው ሁሉ ቁጥር ሆኖ።

«ዲስኩ 40 ፐርሰንት ባዶ ነው ይለኛል፣ ፋይል ልፈጥር ስል ግን ቦታ የለም ይላል። አበደ እንዴ?»

አላበደም እህቴ፣ ኢኖድ አልቆበት ነው። ኢኖድ የፋይሉ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ያስፈልጋል፣ ኤክስት4 ላይ ደግሞ ብዛቱ ገና ፎርማት ሲደረግ ነው የሚወሰነው። የኢኖዱን መጠን የሚያሳየውን ዲኤፍ ዳሽ አይ ብትዪ 100 ፐርሰንት ይላል፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ማንም ያላጸዳው የፒኤችፒ ሴሽን (ዌብሳይቱ ለየጎብኚው የሚፈጥረው ፋይል) ወይ የሜይል ኪው (ለመላክ የተሰለፈ ኢሜይል) ነው፣ ሚሊዮን ሚጢጢ ፋይል። የማያስፈልገውን አጥፊ፣ ይለቅልሻል።

«ሬድሃት ላይ ኤፍኤስሲኬ ስለው በሰከንድ ይጨርሳል። ደህና ነው ማለት ነው?»

አይደለም፣ ምንም ስላላየ ነው 😄 ሬድሃት ከ7 ጀምሮ ዲፎልቱ ኤክስኤፍኤስ የሚባል ሌላ ፋይል ሲስተም ነው፣ እዛ ላይ ኤፍኤስሲኬ ለስም ያህል ነው የተቀመጠው። ትክክለኛው ኤክስኤፍኤስ ሪፔር ነው፣ እሱንም በዳሽ ኤን ጀምር። «ሎጉ ቆሻሻ ነው» (የለውጦች መዝገቡ ውስጥ ያልተጠናቀቀ ነገር አለ) ብሎ እምቢ ካለህ አንዴ ማውንት አድርገህ አንማውንት አድርገው፣ ሎጉ ውስጥ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ዳሽ ትልቁ ኤል ሎጉን ጠርጎ ያጠፋዋል፣ ገና ዲስክ ላይ ያልሰፈረ ለውጥ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ።

«ሬይድ 1 (ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ዳታ የሚጽፍ) አለን፣ ባክአፕም ያስፈልገናል?»

ያስፈልጋችኋል። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ነው የሚደርስላችሁ፣ ፋይል ሲስተሙ ሲበላሽ ብልሽቱን በታማኝነት ሁለቱም ዲስክ ላይ ይጽፈዋል።

«ሎስት ኤንድ ፋውንድ ውስጥ የተገኙትን ፋይሎች እንዴት ልለያቸው?»

«ፋይል» የሚባለው ኮማንድ ውስጣቸውን አይቶ ፒዲኤፍ ይሁን ፎቶ ይሁን ኤክሴል ይነግርሃል፣ በዓይነት ከፋፍላቸውና ቀኑንና ሳይዙን እያየህ ስም መልስላቸው። ፎልደር ተርፎ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ ውስጡ ያሉት ስማቸውን እንደያዙ ነው። እኔ ያንን የሂሳብ ፎልደር ለይቼ ለመጨረስ 3 ቀን ፈጅቶብኛል፣ አካውንታንቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትናገረኝ።