ስንዴው የወደቀው ገለባው ስለለሰለሰ ነው?

ጥያቄ፦ «ገለባው ለኢታኖል ይሻላል የተባለ አዲስ የስንዴ ዘር ዘራሁ። አምሮ በቅሎ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደንቀው ነበር። ፍሬ መያዝ ሲጀምር አንድ ዝናብና ንፋስ መጥቶ አስተኛው። አገዳው ልፍስፍስ ነው መሰለኝ። ወደ ድሮው ዘር ልመለስ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቸኩሉ። ስለ ማዳበሪያ አንድም ነገር አልጻፉልኝም። ግን አላፊ አግዳሚ ቆሞ የሚያደንቀው ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ ዩሪያ የበዛበት ስንዴ ነው።

ዘሩን በመጠርጠርዎ አይፈረድብዎትም። ኢታኖል የተባለው ነዳጅ የሚሠራው ገለባ ውስጥ ካለው ስኳር ነው፤ ይህን ስኳር ቆልፎ የሚይዘው ደግሞ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አገዳን የሚያጠነክረውም እሱው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የቅጠሉ መሃል ጅማት ቡናማ የሆነ በቆሎ ተገኘ። ሊግኒኑ ትንሽ ነው። ከዚያ ዓይነት በቆሎ የተዳቀሉ አንዳንድ ዝርያዎች ቶሎ ይጋሽባሉ፤ ስጋቱ የመጣው ከዚያ ነው። ስንዴ ላይ ግን ሊግኒን ብቻውን አይወስንም። የአገዳው ውፍረትና የግድግዳው ጥንካሬ ብዙ ያግዛሉ። አዳቃዮችም የሚፈልጉት ሁለቱን ያጣመረ ነው፦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ገለባው ግን ስኳሩን በቀላሉ የሚሰጥ።

እኔ የምጠረጥረው ዩሪያውን በሙሉ በዘር ጊዜ መጨመርዎን ነው። ምናልባት ዘሩንም አብዝተውታል። ያኔ ቡቃያው ይጨናነቃል፣ ሥሩ አካባቢ ብርሃን ያጣል፣ አገዳው ቀጥኖ ይመዘዛል። እስኪ የወደቀውን ጎንበስ ብለው ይዩት። ከታችኛው አንጓ አካባቢ ከታጠፈ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

መፍትሔው ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣዎትም። ያንኑ ዩሪያ ይከፋፍሉት። ሲሶውን በዘር ጊዜ ይስጡ፣ የቀረውን ያቆዩ። መቼ እንደሚጨምሩት ቡቃያው ራሱ ይነግርዎታል። ዋናውን አገዳ ነቅለው በጥፍርዎ ከታች ወደ ላይ ይሰንጥቁት። የመጀመሪያው አንጓ ከሥሩ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ካገኙት ሰዓቱ ደርሷል። አንድ ብቻ አይተው አይወስኑ፤ ከማሳው አራት አምስት ቦታ ይሞክሩ። አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን ይበትኑ። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ካለ ዩሪያው ያቃጥለዋል። ዘሩንም ከተመከረው መጠን አያሳልፉ፤ በመስመር ቢዘሩት ደግሞ የተሻለ ነው።

ይቺን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማሳው ጠቁሮ እስኪታይ ዩሪያ መድፋት ፉክክር ሆኗል። እባካችሁ ተዉት! ጎረቤት ያደነቀው ቅጠል ጎተራ አይገባም።

አዲሱን ዘር አይጣሉት። በሚቀጥለው ወቅት ከድሮው ጎን ለጎን፣ ዩሪያውን ለሁለቱም ከፋፍለው ይሞክሩት። ያኔም እሱ ብቻ ከወደቀ ዘሩን እንወቅሳለን።

የተኛውን ለብቻ ይጨዱ፣ ገለባውንም ከንጹሁ ጋር አይከምሩት። መሬት ነክቶ የቆየ ገለባ ይሻግታል፤ ሻጋታው ፋብሪካው የሚፈልገውን ስኳር ይበላዋል። ጭቃውም ፋብሪካው የማይፈልገውን አመድ ያበዛል። ገዢው አንድ የጠቆረ ክምር ካየ የቀረውንም ሊመልስብዎት ይችላል።