«እግሬ ከዳኝ» ለምትሉ፦ ስለ አረጋውያን ጡንቻና እንቅስቃሴ ጥያቄና መልስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ለምን እንደሚከሳና በእንቅስቃሴ እንዴት እንደሚመለስ የሚያሳስባችሁ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ስም የላካችሁልኝ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ሰው ሳላይ መድኃኒት ቀንሱ ጨምሩ አልልም።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ድሮ ከዱካ ላይ ብድግ ትል ነበር፤ አሁን ሶፋውን በሁለት እጇ ተደግፋ ነው የምትነሳው። ዕድሜ ነው ብለን እንተወው?

አትተዉት። ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አቅም ከጡንቻው መጠንም ቀድሞ ነው የሚወርደው። በብዛት የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ቶሎ ወደፊት ወርውሮ ከመውደቅ የሚድነው በእነሱ ነው። መድከሙ ከልክ ሲያልፍ ሳርኮፔኒያ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የራሱ የበሽታ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ለኪያት። መደበኛ ከፍታ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ትበል፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ሰዓት ያዢ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባት ወይም ያለ እጅ መነሳት ካቃታት፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2019 ባወጡት መመዘኛ መሠረት ሳርኮፔኒያ ይጠረጠራል። ክሳቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ ወይም አንድ ወገኗ ብቻ ከደከመ ግን የስፖርት ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ውሰጃት። የሰነፈው አንድ ወገኗ በድንገት ከሆነማ ዛሬውኑ።

አባቴ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ይራመዳል። አይበቃውም?

ለልቡ፣ ለስኳሩና ለእንቅልፉ እግዜር ይስጠው፤ እንዳያቆም። ለጡንቻው ግን አይበቃም። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ጭነት ሲመጣበት ነው፤ ሜዳ ላይ መራመድን ደግሞ የአባትህ እግር ከለመደው ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይላል። ሁሉም ሰው የሚሰማው ይህችን ብቻ ነው። ከሥሯ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ይጨመር ይላል። ለአባትህ መንገዱን ወደ ዳገት ወይም ወደ ደረጃ ቀይርለት፤ ከታች የምጽፈውንም ጨምርለት።

84 ዓመቴ ነው፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። በዚህ ዕድሜ ስፖርት ብሎ ነገር ቀልድ አይሆንም?

አባቴ፣ ቀልድ አይደለም። ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተሠርቶ በ1990 የታተመ ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ደካማ ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው አቅም በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። ያነሱት ደግሞ ለይምሰል አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት ወደ 80 በመቶ ደርሰው ነበር፤ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ። በ1994 ይኸው ቡድን 100 ሰዎች ላይ ደገመው፤ የምግብ ማሟያ ብቻ የተሰጣቸው ጡንቻቸው አልጠነከረም፣ ክብደት ያነሱት ጠነከረ።

እርስዎ ከወንበር መነሳት ብቻ ይጀምሩ። ልጅዎ አጠገብዎ ትቁም።

እሺ፣ ጂም የለንም። ቤት ውስጥ ምን እንሥራ?

ይህ ከሁሉም በላይ የበዛው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዋናው ቁጭ ብድግ ነው። ሌላ ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ይበሉ፤ እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፤ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪመጣ ደረትን ወደፊት ማዘንበል፣ ከዚያ በተረከዝ መሬቱን ገፍቶ መነሳት። ብዙዎች የሚያቅታቸው አቅም አንሶ ሳይሆን ቀጥ ብለው ለመነሳት ስለሚታገሉ ነው። ሲቀመጡ ደግሞ ዘጭ አይበሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በዝግታ ይውረዱ። ግማሹ ጥቅም ያለው አወራረዱ ላይ ነው። ወንበሩ ከዘቀጠባቸው ትራስ ይጨምሩ፤ ሲቀላቸው ትራሱን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ደረታቸው ላይ ይታቀፉ። የሁለት ሊትሩ 2 ኪሎ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ከሞሉት 3 ኪሎ ያልፋል።

ለክንድና ለደረት ግድግዳ መግፋት፤ ሲቀል ከግድግዳው ወደ ከባድ ጠረጴዛ ጠርዝ መውረድ። ለባት የወጥ ቤት ባንኮኒ ይዞ በእግር ጣት መቆምና በዝግታ መውረድ። ለመዳፍና ለጀርባ በሁለቱም እጅ ውኃ ያለበት ጀሪካን ይዞ ኮሪደሩን መመላለስ። ውኃ ሲቀዱ ያደጉ እናቶች ይህንን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ለሚዛን ባንኮኒው አጠገብ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ለፊት አስተካክሎ 10 ሰከንድ መቆም።

ብዛቱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፤ በመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበድ ማለት አለባቸው። ወሬ እያወሩ 15 የሚደርሱ ከሆነ ቀሏል፤ ጨምሩበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው፤ እንዳይደክማቸው ብሎ ለስድስት ወር ያንኑ ቀላል ነገር ያሠራል። ዙሩ የሚጠፋባቸው ካሉ ቡና በሚፈላበት ቀን ከአቦል በፊት አንድ፣ ከቶና በፊት አንድ፣ ከበረካ በፊት አንድ እያደረጉ መሥራት ይቻላል፤ ዕረፍቱም ይገኛል። ዱካው ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ግን።

በማግስቱ ጭን ቢጠዘጥዝ አትደንግጡ፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሙ፤ ደረት ላይ ያለው ካለቀቀ ሰዓት ሳትፈጁ ሆስፒታል።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። እናቴን ካመጣናት ሁለት ዓመት ሆናት። ምንም እንድትሠራ አንፈቅድላትም፤ እንደ ንግሥት ነው የያዝናት። እሷ ግን እየደከመች ነው።

እህቴ፣ የደከመችው ስለዚያ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ቡና ትወቅጣለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ስፖርት ነው ሳትለው ቀኑን ሙሉ ስትነሳና ስትቀመጥ ነው የምትውለው። እናንተ ጋ ደግሞ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ክረምቱ በረዶ፣ ልጆቹ ሥራ። ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ «እማዬ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ይባላል። አክብሮታችን አይቅር፤ ግን ትልቅ ሰው ማክበር ማለት ከወንበር እንዳይነሱ ማድረግ አይደለም። ሽንኩርቱን ቆማ ትክተፍ። የታጠበውን ልብስ ደረጃውን ይዛ ትውጣ፣ እጀታውን እየያዘች። ሊጡን ታቡካ። ለበረዶው ወራት የገበያ ማዕከል ውስጥ መራመድ አለ፤ መሬቱ ደረቅና ደልዳላ ነው። አብረሻት ቁጭ ብድግ ብትሠሪ ደግሞ አንቺም አትጎጂም።

ጾም ላይ ምን እንብላ? አባቴ በሁዳዴ በጣም ይከሳል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ጡንቻ ለፕሮቲን ቶሎ አይመልስም፤ ስለዚህ ከወጣት ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይህን ቁጥር ከሐኪሙ ሳይጠይቅ አይከተል።

የጾም ምግብ ፕሮቲን የለውም የሚለው ትክክል አይደለም። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም ይይዛል። ችግሩ ቀጭኑ ሽሮ ነው፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በድስት ሙሉ ውኃ ተፈልቶ ለቤተሰብ ይቀርባል፤ የዱቄቱ ፕሮቲን በሙሉ ከ5 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ያውም ለአራት ሰው ተካፍሎ። ወፈር ይበል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ ይጨመሩበት፤ ጾሙ ከተፈታ በኋላ በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ማታም ይደገም። በጾሙ ወራት ጠንከር ያለውን እንቅስቃሴ ምግብ ወደሚበላበት ሰዓት ማስጠጋት ይሻላል። አቅሙ ከወረደ፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር። ለደካማና ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ታስባለች።

ስግደት እንደ ስፖርት ይቆጠራል? ሶላትስ?

የሚሰገደው ለሌላ ነው፤ ሰውነት ግን ይሠራል። ወርዶ መነሳት ለጭንና ለዳሌ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሶላትም በቀን አምስት ጊዜ ያጎነብሳል፣ ያስነሳል። ቢሆንም ክብደቱ ስለማይጨምር ከቁጭ ብድጉ አያስቀርም። የአከርካሪ አጥንታቸው ሳስቶ የተሰበረባቸው ሰዎች ወገባቸውን አጥፈው በፍጥነት መውረድ የለባቸውም።

ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛል። አይብስብኝም?

አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጫና ይቀላል። ወንበሩን ከፍ አድርገው ይጀምሩ። በሚሠሩበት ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢኖርና በማግስቱ ወደነበረበት ቢመለስ ይቀጥሉ፤ ካበጠ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ከነሳዎ ይቀንሱ። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ ከጋለ አይሥሩ፣ ይታዩ።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ።

ይችላሉ። ትንፋሽዎን ይዘው አይግፉ፤ ግፊት በቅጽበት ይወጣል። ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ተቀምጠው ሲለኩት 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያን ቀን ይተዉትና ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ስኳር እንዳይወርድብዎ ከረሜላ በኪስ ይያዙ። የእግር መደንዘዝ ካለ ባዶ እግር አይሠራም።

የፕሮቲን ዱቄት ልግዛላቸው?

መብላት ከቻሉ አያስፈልግም። በገንዘቡ እንቁላልና ወተት ይገዛል።

አያቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ መራመድ አቃታት። ምን ሆና ነው?

አልጋው ነው፤ ከበሽታው በተጨማሪ። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለአሥር ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ጤነኞቹ! ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምግቧን ተቀምጣ ትብላ፤ በየሰዓቱ የእግሯን ቁርጭምጭሚት ታንቀሳቅስ፤ ጉልበቷን ቀጥ አድርጋ ፍራሹን ወደ ታች ትጫን፤ ሽንት ቤት ሰው ይዟት ትሂድ። አሁን ቤት ከገባች፣ ከከፍተኛ ወንበር አምስት ጊዜ መነሳት፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ። ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ለማጣት ከፈጀው ብዙ እጥፍ ነው፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየንም ብላችሁ አታቁሙ።

ስንት ሰዓት ላይ መሥራት ይሻላል?

የማትረሱት ሰዓት ላይ። የግፊት ክኒን ከዋጡ በኋላ የሚያዞራቸው ሰዎች ግን ያንን ሰዓት ያሳልፉት።