ሮሜዎ ዡልየትን «አንቺ» ይበላት ወይስ «እርስዎ»?

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ የአንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ አዘጋጅ ነኝ። የሼክስፒርን ‹ሮሜዎና ዡልየት› በድሬ አነጋገር ወደ ኮሜዲ ለውጠን፣ የልጅቷን ቤተሰብ በከዚራ ሰፈር፣ የልጁን በመጋላ ሰፈር አስቀምጠን እየተለማመድን ነው። ሦስት ነገር አከራክሮናል። አንዳንዶቻችን ‹በድሬ ሁሉም አንተ ስለሚባባል አንቱታ ከተውኔቱ ይውጣ› ስንል፣ ሌሎቻችን ‹የሼክስፒር ሰዎች እንዴት አንተ ይባባላሉ?› እንላለን። ‹አቦ› በየንግግሩ ካልገባ ድሬ አይመስልም የሚሉም አሉ። አነጋገራችንንስ በጽሑፍ ስናሰፍረው እንዴት እንጻፈው?»

መልስ፦ አንቱታው አይውጣ፤ ቦታው ግን ይለወጥ። በተለመደው የመድረክ አማርኛ «እርስዎ» ለመኳንንቱና ለአባቶች ይሰጣል፣ «አንተ» ደግሞ ለአሽከርና ለልጅ ይቀራል። ይህንን ሥርዓት እንዳለ ብታመጡት ተመልካቹ የሚያየው ከሌላ ከተማ ተነቅሎ ከዚራ ዛፎች ሥር የተተከለ መድረክ ይሆናል፤ ጨርሳችሁ ብትሰርዙት ደግሞ ለኮሜዲ የሚሆናችሁን ዋናውን መሣሪያ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

የድሬዳዋና የሐረር ሰው እንግዳውንም ሽማግሌውንም «አንተ» ይላል ተብሎ በሌላው አገር በሰፊው ይወራል። ወሬው ከሞላ ጎደል እውነት ቢሆንም ግማሹን ነገር ይተዋል። እዚህ አክብሮቱ የሚገባው ብዙ ጊዜ በተውላጠ ስሙ ሳይሆን በመጠሪያው በኩል ነው። ቡና ያፈላች ሴት በደጇ የሚያልፈውን ጎረቤቷን «ጋሼ፣ ና እንጂ፣ ቁጭ በልና ጠጣ» ስትለው ግሦቹ በሙሉ የ«አንተ» ናቸው፤ «ጋሼ» የሚለው አንድ ቃል ግን የሰውየውን ዕድሜና ክብር አሟልቶ ይናገራል። አንቱታ ከከተማው ጠፍቷል ማለትም አይደለም፤ በችሎት፣ በመሥሪያ ቤት፣ ከማያውቁት የደጋ እንግዳ ጋር አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን በኩርፊያ ጊዜ የሚመጣው ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንተ ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው አንደኛው «እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ካለ፣ ነገሩ ሽማግሌ እስከሚያስፈልግ ድረስ ከርሯል ማለት ነው። «አንተ» የዘመድ ቃል በሆነበት ከተማ «እርስዎ» ፊት ማዞር ነው።

የሼክስፒር ሰዎች እንዴት አንተ ይባባላሉ ለሚለው፣ መልሱ በራሱ በሼክስፒር ጽሑፍ ውስጥ አለ። ብዙዎቻችን ታሪኩን የተዋወቅነው ከፍ ባለ አማርኛ በተሠራው በከበደ ሚካኤል ትርጉም በኩል ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውም ከዳር እስከ ዳር በአንድ የክብር ድምፅ የተጻፈ ይመስለናል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ተውኔቱ በተጻፈበት ጊዜ፣ እንግሊዝኛም እንደ እኛ ለሁለተኛ መደብ ነጠላ ሁለት አጠራር ነበረው፤ አንዱ የቅርብና የበታች፣ ሌላው የክብርና የርቀት። ዡልየት በግብዣው ላይ ከሮሜዎ ጋር ስትገናኝ በክብሩ ትጠራዋለች፤ በዚያው ሌሊት ሰገነት ላይ ሆና ስሙን ስታነሣ ግን በቅርቡ ነው። የዡልየት ዘመድ ቲባልት ሮሜዎን ለመስደብ ያንኑ የቅርቡን አጠራር ይወረውርበታል፤ በሚስጥር የቲባልትን የአክስት ልጅ ያገባው ሮሜዎ ደግሞ በዚያው ቃል በዝምድና ይመልስለታል። አንድ ተውላጠ ስም ከአንዱ አፍ ስድብ፣ ከሌላው አፍ ወንድምነት ሆኖ ይወጣል። የሚገርመው የሁለቱ አባቶች ነገር ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት የሮሜዎ አባት ሞንታግዩ የዡልየትን አባት ካፑሌትን በቅርቡ አጠራር «አንተ ወራዳ» ይለዋል፤ በመጨረሻው ትዕይንት ካፑሌት በሬሳዎቹ ፊት «ወንድሜ ሞንታግዩ፣ እጅህን ስጠኝ» የሚለውም በዚያው አጠራር ነው። በእናንተ ሥራ ይህ መስመር ቢገለበጥ ይመረጣል፦ ሁለቱ አባቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ «እርስዎ» እየተባባሉ ይሰዳደቡ፣ ዕርቁም የሚታወቀው አንደኛው ሳያስበው «ና ቁጭ በል» ሲለው ይሁን።

ይህ አሠራር በተግባር ሲታይ ደግሞ የአሽከሮቹን ጠብ ተመልከቱ። በእንግሊዝኛው የአንዱ ቤት አሽከሮች የሌላውን ቤት ሰዎች ለማስቆጣት አውራ ጣታቸውን ይነክሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ምልልስ ግን በአብዛኛው መስመር «ጌታዬ» የሚል ነው፤ ሳቁም ከዚያ ይመጣል። አሽከሮቹን ደቻቱ ድልድይ ላይ የተፋጠጡ የባጃጅ ሾፌሮች አድርጓቸውና እንዲህ ይበሉ፦

— ያፏጩት በእኛ ላይ ነው፣ ጌታዬ?
— አፏጭቻለሁ፣ ጌታዬ።
— በእኛ ላይ ነው ወይ ያፏጩት?
— (ወደ ጓደኛው ዞሮ) አቦ፣ አዎ ብለው ሕግ ከእኛ ጋር ነው?
— ኧረ አይደለም!
— አፏጨሁ እንጂ በእርስዎ ላይ አላፏጨሁም፣ ጌታዬ።

ጠላትን «እርስዎ» ሲል የነበረው ሰው ወደ ጓደኛው ሲዞር በአንድ ጊዜ ወደ «አቦ» መውረዱን ልብ በሉ። የድሬ ተመልካች የሚስቀው በዚህ መገለባበጥ ነው፤ ቃሉ ብቻውን አያስቀውም።

ከዚህም የሚበልጥ ሀብት ሰዋስዉ ውስጥ ተቀምጧል። በሼክስፒር ተውኔት ጥፋቱን የሚያመጣው ያልደረሰ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የያዘው መነኩሴ ወረርሽኝ ነክቶት ይሆናል በሚል ጥርጣሬ ቤት ተዘግቶበት ይቀራል። በዘመናዊ ሥራ ደብዳቤው የስልክ መልእክት መሆኑ አይቀርም፤ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ቢቀር ግን ተመልካቹ አንድ ጊዜ ስቆ ይረሳዋል። መልእክተኛውን ደቻቱ ሞልቶ አስቀረው የሚለውም ሐሳብ ለአንዳንዶቻችሁ ሊመጣ ይችላል፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ዘመዶቹን የወሰደበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ስለሚኖር ይህንን ተዉት። እኔ ብሆን መልእክቱ እንዲደርስ፣ ግን ላልታሰበለት ሰው እንዲደርስ አደርግ ነበር። «ና» ለወንድ ነው፣ «ነይ» ለሴት ነው፤ ማምለጫ የለውም። አንቱታ ግን ጾታን ይሸፍናል፦ «ይምጡ» ወንድም ሴትም ይጠራበታል። ከዚያም አልፎ «እነሱ ይምጡ» የሚለው የሩቅ ብዙ ቁጥርም ያው መልክ ነው።

እንግዲህ ዡልየት ስልኳ ቢፈተሽ እንዳይታወቅባት ብላ «ማክሰኞ ማታ በጓሮ በር ይምጡ» ብላ ትጻፍ። ሞግዚቷ ብታነበው ለራሷ የተላከ ይመስላታል፤ ለጋብቻ የታጨው ፓሪስ ቢያነበው ለእርሱ ይሆናል፤ አባትየው ሲያነበው ደግሞ የመጋላ ጎረምሶች እንዲመጡ የተሰጠ ፈቃድ መስሎት ዱላ ያዘጋጃል። ማክሰኞ ማታ ሁሉም በአንድ የጓሮ በር ይገናኛሉ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ቃል አልቀየረም፤ አንዱ ግሥ ብቻ ሦስቱንም አሳስቷቸዋል።

ወደ «አቦ» ልመለስ። ቃሉ የከተማው መታወቂያ እስኪመስል ድረስ የታወቀ ስለሆነ፣ ከሌላ አገር የመጣ ቀልደኛ እንኳ ድሬን ሲያስመስል በእርሱ ይጀምራል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በየመስመሩ ከገባ ተዋናዩ የድሬ ልጅን ሲያስመስል ይታያል እንጂ የድሬ ልጅ አይሆንም። እውነተኛው ተናጋሪ «አቦ» የሚለው ሲለማመጥ፣ ሲሰለች፣ ሲያደንቅ ወይም ነገር ሲያበርድ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ በሌለበት መስመር ላይ ከተገኘ አውጡት። «ወላሂ» እና «ዋርያ»ም በዚሁ መመዘኛ ይታዩ። ከቃላቱ ይልቅ ከተማውን የሚለየው በአንድ ወንበር ተቀምጦ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ ተሻግሮ መመለስ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ደርሶ ከተማው ከተቆረቆረ ወዲህ ይህ ችሎታ የገበያና የጉርብትና ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ገጸ ባሕርያቱ ይሻገሩ፤ የሚሻገሩት ግን አማርኛው ስለጠፋባቸው ሆኖ አይቅረብ።

ይህን የምለው አማርኛ አፉን ያልፈታበት ሰው ወንዱን «አንቺ» ሲል የሚሳቅበት ቀልድ በመድረካችን ላይ ብዙ ስለተለመደ ነው። ልማዱ አዲስ አይደለም። የአቴናው አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 ዓመት ባቀረበው ኮሜዲ ውስጥ አንድ እስኩቴሳዊ ዘበኛ የግሪክኛን ጾታ እያምታታ በተሰባበረ ንግግር ያሳቃል። አቴና ውስጥ እስኩቴሳዊው ባሪያና እንግዳ ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግን የሚቀለድበት ሰው ትኬት ገዝቶ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለአገር ነው። ሳቁን ወደ ሌላ ሰው ማዞር ይቻላል። ፓሪስን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ፣ ያገኘውን ሁሉ «እርስዎ» የሚል ጨዋ ሰው አድርጉት። ዡልየትን «ይፈቅዱልኛል?» ባላት ቁጥር ከእርሷ ይርቃል፤ ለምን እንደሚርቅ ግን እስከ መጨረሻው አይገባውም።

ሼክስፒር ራሱ በዚህ መንገድ ሄዷል። ከሮሜዎና ዡልየት ጋር በተቀራረበ ጊዜ በጻፈው ሌላ ኮሜዲ ውስጥ ሸማኔ፣ አናጢና ልብስ ሰፊ ሆነው ለመስፍን ሠርግ አንድ ጥንታዊ ትራጀዲ ያሳያሉ፤ በግንብ የተለያዩ ሁለት ፍቅረኞች፣ ሞታለች ብሎ ራሱን የሚያጠፋ ወጣት፤ ታሪኩ ያው ነው። አንደኛው ግንብ ሆኖ ይቆማል። ተመልካቹ የሚስቀው ባለሙያዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ስለተናገሩ ሳይሆን የማይችሉትን ከፍተኛ ቅኔ ለመናገር ስለሚታገሉ ነው። የእናንተም ሮሜዎ ከከዚራ ሰገነት ሥር ቆሞ በየወል ቤት ግጥም ይጀምር፦

ፀሐይ መስሎኝ ነበር በረንዳሽ ሲበራ፣
ሌት መሆኑን ረሳሁ ከደጅሽ ስጣራ።

እርሷም ከላይ «አምፖል ነው አቦ! ድምፅህን ቀንስ፣ አባዬ አልተኛም» ትበለው። ግጥሙን ግን አታበላሹት፤ ቤቱ የሚመታ፣ ሐረጉ የተመዘነ ይሁን። ግጥሙ መጥፎ ከሆነ ሳቁ ወደ ደራሲው ይዞራል።

ትራጀዲን በደስታ መጨረስ ድፍረት አይሆንም ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ እንግሊዞቹ ቀድመዋችኋል። በ1660ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄምስ ሀዋርድ ሮሜዎና ዡልየትን ከሞት አትርፎ ጽፏቸው፣ አንድ ቀን አሳዛኙ፣ በማግስቱ ደስተኛው ይታይ እንደነበር ተመዝግቧል። ናሁም ቴት በ1681 እ.ኤ.አ. ያስተካከለው ደስተኛ መጨረሻ ያለው «ንጉሥ ሊር» ደግሞ ተዋናዩ ማክሬዲ የመጀመሪያውን በ1838 እ.ኤ.አ. እስኪመልሰው ድረስ መድረኩን ይዞ ቆይቷል። የእኛም የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ ልጅነታቸውን በከፊል ሐረር በራስ መኮንን ቤት ያሳለፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት፣ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር። የሚያስፈልገው ልክን ማወቅ ነው፦ የሮሜዎ ጓደኛ መርኩሽዮ በሦስተኛው ገቢር እስኪሞት ድረስ የሼክስፒር ተውኔት ራሱ ለኮሜዲ የቀረበ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ብዙ አትለውጡ። ከዚያ በኋላ ቢላዋው ይቅር። አርባ ሁለት ሰዓት የሚያስተኛው መድኃኒትም በድሬ የቀትር እንቅልፍ ውስጥ ልብ የሚለው ሰው ላይኖር ይችላል።

አጻጻፉን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ቃላቱንና የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ ጻፉ፤ ቅላጼውን ለተዋናዩ ተዉለት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን እንኳ ስለማያሳይ «ይበላል» የበላተኛው ይሁን የምግቡ የሚለየው በአንባቢው አፍ ነው፤ የድሬን ዜማ በተጣመመ ፊደል ለመያዝ መሞከር ተዋናዩን ከማደናገር በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ሐረጎችን ግን በቋንቋው ተናጋሪ አስነብባችሁ በግዕዝ ፊደል በትክክል አስፍሩ። በጽሑፉ ኅዳግ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትዕይንት ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል ምልክት አድርጉ፤ በልምምድ ላይ ተዋናይ ከሁሉ በፊት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።